በምክር ቤት የተነገረ ቃል



የአንድ የሕዝብ እንደራሴ ሥራ ከሚመረመርባቸው ነገሮች አንደኛው በምክር ቤት የተናገረው ቃል ነው። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንደሚባለው፥ ይህ ቃል አይመለስም፤ ጸሐፊዎች በመዝገብ ያሰፍሩታልና። ሃንሳርድ የሚባለው የኬንያ ምክር ቤት መዝገብ ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1969 በኦጊንጋ ኦዲንጋ የሚመራው የተቃዋሚ ፓርቲ ታገደ፤ መሪውም ታሰሩ። ከዚያ ወዲህ በምክር ቤቱ የቀረው ገዢው ፓርቲ ካኑ ብቻ ነበር። ነገር ግን የፓርቲው ስም አንድ በመሆኑ የሰው አሳብ አንድ አልሆነም፤ የተቃዋሚውን ሥራ ከካኑ እንደራሴዎች መካከል ጥቂቶቹ ያዙት። ከእነዚህም አንዱ የቡቴሬው ተመራጭ ማርቲን ሺኩኩ ነበሩ። ስለ ጉቦና ስለ ሹማምንት አድራጎት አዘውትረው በመጠየቃቸው «የሕዝብ ዘብ» ተባሉ።

በ1975 በማርች ወር እንደራሴው ጆሳያ ምዋንጊ ካሪዩኪ ተገደሉ፤ ምክር ቤቱም ነገሩን የሚመረምር ኮሚቴ አቆመ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ሺኩኩ ተነሥተው፥ ካኑ እንደ ተገደለ ሁሉ ምክር ቤቱንም ሊገድሉ የሚሹ ሰዎች አሉ ሲሉ ተናገሩ። የመንግሥት ወገኖች ማስረጃ ይቅረብ ብለው ጮኹ። በአፈ ጉባኤው ወንበር የነበሩት ምክትል አፈ ጉባኤ ዣን ማሪ ሴሮኒ፥ የሕግ ዐዋቂ ሲሆኑ፥ ለተገለጠ ነገር ማስረጃ አያስፈልግም ብለው ወሰኑ። ኦክቶበር 15 ቀን ሁለቱም በምክር ቤቱ ግቢ ተያዙ፤ ያለ ፍርድም ታሰሩ። የተፈቱት ፕሬዚደንት ኬንያታ ካረፉ በኋላ፥ በዲሴምበር 1978 ነው።

ክስ የሚያቀርብ ሰው ማስረጃ ያቅርብ የሚለው ደንብ በራሱ መልካም ነው፤ መምህርም ተማሪውን የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ለንግግር የተሰጠው መልስ እስራት በሆነ ጊዜ፥ የተጠየቀውን ማስረጃ ያቀረበው ራሱ እስራቱ ሆነ። በምክር ቤት ለተናገረው ቃል እንደራሴ እንዳይከሰስ ሕጉ ይጠብቀው ነበር፤ ሰውየውን ግን ያለ ፍርድ ከመታሰር አላዳነውም።

ሺኩኩ ከእስር በኋላ ወደ ምክር ቤት ተመለሱ። በ1991ም ለብዙ ፓርቲዎች መብት ከታገሉት መሪዎች አንዱ ሆኑ፤ በዚያ ዓመት በዲሴምበር፥ በ1982 የገባው የአንድ ፓርቲ አንቀጽ ከሕገ መንግሥቱ ተሻረ። በ2012ም አረፉ።

እንግዲህ እንደራሴ የሚመዘነው በንግግሩ ብዛት ሳይሆን፥ ሌላው ዝም ባለ ጊዜ በጠየቀው ጥያቄ ነው። ይህንም ሚዛን ትውልድ የሚለምደው በክፍል ውስጥ ነው። ጥያቄ የጠየቀ ተማሪ በግሣጼ ዝም ከተሰኘ፥ ነገ በምክር ቤት የሚጠይቅ ሰው ከየት ይገኛል?