ለቡድን ሥራ የትኛው ሶፍትዌር?

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ቡሬ ላይ በቆሎ የሚረከብ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ የሚመዘግብ፣ ገጠር ወርዶ ገበሬውን የሚያነጋግር ቡድን ሥራውን በስልክ ጥሪ ብቻ ሲመራ፣ ማን ምን እንደጀመረ ይጠፋል።

ይህን የሚመዘግብላችሁ ሶፍትዌር ስትመርጡ ሦስት ነገር ፈትሹ።

አንደኛ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ ይሠራል? ለምሳሌ ትሬሎ የተባለው የቡድን ሥራ ሶፍትዌር የስልክ መተግበሪያ የጻፋችሁትን ይዞ ይቆይና ግንኙነቱ ሲመለስ ይልከዋል።

ሁለተኛ፣ ክፍያው። ብዙዎቹ በዶላር ስለሚያስከፍሉ በነፃው ስሪት ጀምሩ።

ሦስተኛ፣ ቀኑ። ብዙዎቹ የሚቆጥሩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ የእኛ መስከረም 1 ለእነሱ ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ነው። ስለዚህ በሥራው ርዕስ ላይ የእኛን ቀን ጻፉ፦ «ማዳበሪያ ማድረስ፣ ግንቦት 20»።

ሶፍትዌሩን መጀመሪያ በአንድ ሥራ ሞክሩት። ገጠር ያለው ባልደረባችሁ ሳይቸገር ከተጠቀመበት፣ ያንን ሶፍትዌር ምረጡ።

(ሙዚቃ)