የዲጂታል ኢኮኖሚ የካርበን ሒሳብ

አቅራቢ 1፦ የዲጂታል ኢኮኖሚ፣ ማለትም ግብይትን፣ ክፍያንና አገልግሎትን በኢንተርኔት አማካይነት የሚያከናውነው የምጣኔ ሀብት ዘርፍ፣ ጉዞንና ወረቀትን በመቀነስ ብክለትን እንደሚያቃልል ይታመናል፤ በኢትዮጵያ በስልክ የሚሠራው የክፍያ አገልግሎት ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሒሳብ ለመክፈል ታክሲ ተሳፍሮ ወረፋ መያዝ ለብዙ የከተማ ነዋሪ የግድ መሆኑ ቀርቷል።

አቅራቢ 2፦ ይሁን እንጂ ከስልኩ ጀርባ ያለው የዳታ ማዕከል፣ ማለትም መረጃ የሚያከማቹ ሰርቨሮች ቀን ከሌት የሚሠሩበት ሕንፃ፣ ለማሽኖቹም ለማቀዝቀዣውም ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚፈልግ፣ ጭሱ ከጎዳና ወደ ኃይል ማመንጫው የሚዛወርበት ጊዜ አለ። በአየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2015 ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ ፍጆታ 5 በመቶ ገደማ ይወስዱ የነበሩት የዳታ ማዕከላት፣ በ2023 ድርሻቸው 21 በመቶ ደርሶ የከተማ መኖሪያ ቤቶችን ፍጆታ በልጧል።

አቅራቢ 1፦ እንግዲያው ውጤቱን በእጅጉ የሚወስነው የኃይሉ ምንጭ ነው። በአየርላንድ የተፈጥሮ ጋዝ አሁንም ትልቅ ድርሻ ሲኖረው፣ ኢትዮጵያ ግን ኤሌክትሪኳን በአብዛኛው ከውኃ ስለምታመነጭ፣ አንድ ዓይነት ሥራ በሁለቱ አገሮች የሚያስከትለው የካርበን ልቀት እኩል አይሆንም።

አቅራቢ 2፦ የውኃ ኃይልም ቢሆን ወሰን አለው፤ ቢትኮይን የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርቱ ኮምፒውተሮች የሚወስዱት ኃይል ከፋብሪካና ከመኖሪያ ቤት ፍላጎት ጋር ይሻማል። አሮጌ ስልኮችና ባትሪዎችም በአግባቡ ካልተወገዱ በውስጣቸው ያሉት እንደ እርሳስ ያሉ መርዛማ ብረቶች አፈርንና ውኃን ይበክላሉ። ስለዚህ ዘርፉ ብክለትን ቀነሰ የሚባለው የተረፈው ጉዞ ብቻ ሳይሆን የተወሰደው ኃይልና የተጣለው ዕቃም አብሮ ሲታሰብ ነው።