ስለ ፎቶግራፍ ጥራትና ስለ ኅትመት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የምርቃት መጽሔት የሚዘጋጅበት ጊዜ በደረሰ ቁጥር ለእኛ ለአዘጋጆቹ ፎቶግራፍ ከየአቅጣጫው ይጎርፍልናል። በስልክ ሲታይ ሁሉም ያማረ ነው፤ ስክሪኑ ትንሽ ስለ ሆነ ጉድለቱን ይሸፍነዋል። ዳሩ ግን በስልክ ያማረ ሁሉ በወረቀት ላይ አያምርም። ዛሬ ለማስረዳት የምንወደው ምክንያቱንና መድኃኒቱን ነው።

የዲጂታል ፎቶግራፍ ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ባለቀለም ነጥቦች የተሠራ ነው። ይህን ለመረዳት መሶብን ማሰብ ይበቃል። ስፌቱ የደቀቀ እንደ ሆነ የአለላው ጌጥ ጥርት ብሎ ይታያል። በዚያው የስፌት ቁጥር እጥፍ የሚያህል መሶብ እንስፋ ብንል ግን ስፌቱ ይሻክራል፤ ጌጡም ይፈርሳል። ሪዞሉሽን የምንለውም በአንድ ኢንች ወረቀት ላይ ስንት ፒክስል እንደሚያርፍ የሚገልጽ መለኪያ ነው።

የኦፍሴት ማተሚያ ፎቶውን በረድፍ በተደረደሩ የቀለም ነጠብጣቦች ከፋፍሎ ያትማል። በለስላሳ ወረቀት ላይ በአንድ ኢንች 150 ያህል ረድፍ የተለመደ ነው፤ ለእያንዳንዱ ረድፍ ሁለት ፒክስል ሲታሰብ 300 ይሆናል። ማተሚያ ቤቶች 300 የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው። በጋዜጣ ወረቀት ረድፉ ሰፋ ስለሚል 200 ያህል ይበቃል፤ ከሩቅ ለሚታይ ትልቅ ሸራም ከዚያ ቢያንስ አይጎዳም።

ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የፎቶውን ወርድ በፒክስል ወስዶ ለ300 ማካፈል ነው። 4000 ፒክስል ወርድ ያለው የስልክ ፎቶ ከ13 ኢንች በላይ፣ ማለት 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ሙሉ የኤ4 ገጽ ወርዱ 21 ሳንቲ ሜትር ስለ ሆነ 2480 ፒክስል ይፈልጋል። ያው ፎቶ በቴሌግራም በተለመደው መንገድ ተልኮ ወደ 1280 ፒክስል ቢወርድ ግን 11 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ፎቶ እንደ ፋይል ይላክ።

አንዳንዶች በኮምፒውተር 72 የሚለውን ቁጥር ወደ 300 ሲለውጡ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። ቁጥሩን መለወጥ ብቻ አንድ ፒክስል እንኳ አይጨምርም። ፎቶውን በግድ ማሳደግም ክፍተቱን በግምት ከመሙላት አያልፍም። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

የፊደላችን ነገር ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ቡ» ከ«ቢ» የሚለየው በአንዲት ትንሽ ጭረት አቀማመጥ ነው። ስም የተጻፈበት ገጽ ወደ ፎቶ ተለውጦ በዝቅተኛ ጥራት ቢታተም ጭረቷ ትዋጣለች፤ የሰውም ስም ይለወጣል። ስለዚህ ጽሑፍ በፒዲኤፍ ውስጥ በፊደልነቱ ይቀመጥ። የመስመር ሥዕል ስካን ሲደረግም ከ600 እስከ 1200 ይሁን።

ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? መጽሔታችን የከተማችንን ቅርስም ያሳያል። ደርቡሾች በ1888 እ.ኤ.አ. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተርፋለች። በጣራዋ ላይ የተሣሉት የመላእክት ፊቶች ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ከእሳት የተረፈውን ፊት እኛ በደበዘዘ ኅትመት ብናጠፋው ምን ይባላል?

ከሁሉ በላይ ግን ከደባርቅ፣ ከዳባት፣ ከጃናሞራ ልጆቻቸውን ለትምህርት የላኩ ወላጆች አሉ። በእነርሱ ቤት ለብዙ ዘመን ተቀምጦ ለጎረቤት የሚታየው ያው የታተመው ገጽ ነው። እናት የልጅዋን ፊት ከጓደኞቹ መካከል ለይታ ማየት አለባት።

ስለዚህ ፎቶ የምትሰጡን ሁሉ ዋናውን ፋይል ሳይቀነስ እንድትሰጡን አደራ እንላለን። እኛም በበኩላችን እያንዳንዱን ፎቶ በሚታተምበት መጠን አስቀድመን እንለካለን፤ ለትልቅ ገጽ የማይበቃውን አነስ አድርገን እናስገባለን። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና መፍትሔው ከማተሚያ ቤት በፊት ነው።