ፎርማት ከመደረጉ በፊት

እሱ፦ ኮምፒውተር ተንቀራፈፈ ሲባል መልሱ ሁሌም «ፎርማት ይደረግ» ነው። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ካቆመ ወዲህማ ብሷል።

እሷ፦ ባለሙያውም «ፋይልሽ ዲ ላይ ከሆነ አትስጊ፣ የሚጠፋው ሲ ብቻ ነው» ይላል።

እሱ፦ እውነቱን ነው እኮ!

እሷ፦ ግማሹን። ዴስክቶፕና ዳውንሎድስ አብዛኛውን ጊዜ ሲ ላይ ናቸው። ደግሞ ሲ እና ዲ የአንድ ሃርድ ዲስክ ክፍልፋዮች ከሆኑ፣ ዲስኩ ሲበላሽ ሁለቱም ይሄዳሉ።

እሱ፦ ስለዚህ ኤክስተርናል።

እሷ፦ ካልተገዛ የዘመድ መዋስ ነው። ፍላሽም ይሆናል፤ ግን በፋት 32 ከተዘጋጀ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። የሰርግ ቪዲዮ እዚህ ጋ ይቀራል።

እሱ፦ እኔን የሚያሳስበኝ የቆየው የአማርኛ ጽሑፍ ነው።

እሷ፦ ጥሩ አነሳህ! የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላም ለዓመታት በድሮዎቹ የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ፎንቶች ስንቱ ተጽፏል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የዕድር መዝገብ፣ ውል። ዶክመንቱን ቀድተህ ፎንቱን ከተውከው፣ አዲሱ ሲስተም ላይ የሚታይህ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው።

እሱ፦ ፎንቱስ የት ይገኛል?

እሷ፦ ሲ ውስጥ፣ ዊንዶውስ የሚለው ፎልደር ሥር፣ ፎንትስ።

እሱ፦ ዊንዶውሱ ጭራሽ አልነሳም ቢልስ?

እሷ፦ ኡቡንቱን ፍላሽ ላይ አዘጋጅተህ በእሱ አስነሳው። ኮምፒውተሩ ላይ ሳይጫን ይሠራል፤ ዲስኩ ካልተመሰጠረና ጤነኛ ከሆነ ፋይሎችህን ታገኛለህ። የቀዳኸውን ግን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተህ ሳታይ ፎርማት እንዳታስደርግ።