የዜማው ባለቤት ማን ነው?



በመርካቶ የሚውል ነጋዴ አንድ ጥቅል አቡጀዲ ሲቀበል አስቀድሞ የሚጠይቀው «ከማን የመጣ ነው?» ብሎ ነው። ምንጩ ያልታወቀ ዕቃ ዋጋው አይጸናምና። በዚያው ገበያ ሸክላና ካሴት በየሙዚቃ ቤቱ በሚሸጥበት ዘመን ግን ገዢው የሚጠይቀው የዘፋኙን ስም ነበር። ዜማውን ማን እንደ ደረሰው፣ ለመሣሪያዎቹም ማን እንዳቀናበረው የሚጠይቅ ጥቂት ነበር። የዛሬው ንግግራችን በዚህ ጉዳይ ላይ ነው፤ ዓመቶቹን የምንጠቅሰውም በአውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ነርሲስ ናልባንዲያን በ1915 ዓ.ም. አይንታብ በምትባል ከተማ የተወለደ አርመናዊ ነበር። አጎቱ ኬቮርክ ናልባንዲያን በ1924 ዓ.ም. «አርባ ልጆች» ተብለው ከታወቁት ወላጅ አልባ አርመናውያን ጋር ወደ አገራችን መጥቶ፣ የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ የደረሰ ነው። ነርሲስም በ1930ዎቹ መጨረሻ አጎቱን ተከትሎ መጣ፤ በ1977 ዓ.ም. እስኪሞትም ድረስ በዚሁ አገር ሙዚቀኞችን ሲያስተምርና ሲመራ ኖረ። በ1955 ዓ.ም. በተከፈተው፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤትም አገልግሏል።

ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ማስተዋል ይገባል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በአምስት ድምፅ የሚሄዱ ቅኝቶች ናቸው። ትራምፔቱ፣ ትሮምቦኑና ሳክስፎኑ ባንድነት ሲያጅቧቸው ከቅኝቱ ውጭ የሆነ ድምፅ ያለ ልክ ከገባ የዜማው ለዛ ይጠፋል። አቀናባሪው ለያንዳንዱ መሣሪያ ድርሻውን በኖታ ጽፎ፣ የሚናገርበትንና ዝም የሚልበትን ጊዜ ይወስናል። አድማጭ ግን ይህን ድካም አያየውም።

ይህን ድካም ካስታወሱት አንዱ የባሕር ማዶ ሰው ነው። ረስ ገርሾን የተባለው አሜሪካዊ ሳክስፎን ነፊ በ1985 ዓ.ም. በቦስተን ኢዘር ኦርኬስትራ የተባለውን የጃዝ ጓድ አቋቋመ። ጓዱ የኢትዮጵያን ዜማዎች ሲያጠና ቆይቶ በ2004 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ ተጫወተ፤ የኛው ጌታቸው መኩሪያም አብሮ ነፋ። ከዚያ ወዲህ ይኸው ጓድ የነርሲስን ሥራዎች እንደ ገና ተጫውቶ፣ «ኢትዮጲክስ» በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ሥራ ውስጥ በስሙ መታሰቢያ አቆመለት።

ጌታቸው መኩሪያም በ2016 ዓ.ም. እስካረፈበት ጊዜ ድረስ በሌላ መንገድ ተመሳሳይ ውለታ ፈጽሟል። የአርበኞችን ሽለላ በሳክስፎን ሲነፋ፣ ስማቸውን ማንም ያልጻፈላቸውን የጥንት ሸላዮች ያከብር ነበር። ለነዚያ ስም ልናገኝላቸው አንችልም፤ ለነነርሲስ ግን እንችላለን።

አድማጮች ሆይ፤ ይህ ጉዳይ በተለይ የመንግሥት ሠራተኛውን ይመለከታል። የማዘጋጃ ቤቱ፣ የፖሊስ ሠራዊቱና የክብር ዘበኛው የሙዚቃ ጓዶች የመንግሥት ክፍሎች ነበሩ፤ ሙዚቀኞቹም ደመወዝተኞች ነበሩ። እንግዲያው ለነሱ የተጻፈው ኖታ እንደ ማንኛውም ደብዳቤ የመሥሪያ ቤት ሰነድ ነው። ደብዳቤ ሲገባ ቁጥር ይሰጠዋል፣ በፋይል ይቀመጣል። በመጋዘን ጥግ የሚገኝ የኖታ ወረቀት ግን አንባቢ ስለሌለው እንደ ቆሻሻ ሊጣል ይችላል። በተጣለ ጊዜ የሚጠፋው ወረቀቱ ብቻ አይደለም፤ መቶ ሰው ቢሰበሰብ መልሶ ሊያሰናዳው የማይችለው የአንድ ሰው ሐሳብ ነው።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። የተጻፈውም ቢሆን የሚወረሰው ጠባቂ ሲያገኝ ነው። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤታችሁ አሮጌ ዕቃ ስትለዩ የኖታ ወረቀት ብታገኙ፣ አዋቂ ሳያየው አታስወግዱት፤ መዝግባችሁ ለቤተ መዛግብት አስረክቡት። ዘፈን ስታዳምጡም የዘፋኙን ስም ከጠየቃችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ «ዜማው የማን ነው?» በሉ።