የወገብ ሕመምና ሰውነትን የማፍታታት ጥቅም
(በክሊኒክ ለተገልጋዮች ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ብዙዎቻችሁ ወደ ክሊኒክ ስትመጡ ስለምታነሡት ጉዳይ፣ ማለትም ስለ ወገብ ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 በዓለም 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም ነበረባቸው። ከአሥር ታማሚዎች በዘጠኙ ያህል ላይ ለሕመሙ መነሻ የሚሆን ተለይቶ የሚታወቅ በሽታ ወይም ስብራት አይገኝም። ይሁን እንጂ በራጅ ምንም አልታየም ማለት ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። ራጁ ደኅና ነው ስለተባለ ብቻ ሚስትን «ሥራ ጠልተሽ ነው»፣ ባልን «ሰንፈህ ነው» ማለት ትዳርን ያቆስላል እንጂ ወገብን አያድንም።

የታችኛው ወገባችን አምስት አጥንቶች ብቻቸውን አይቆሙም። የጀርባ፣ የሆድ፣ የመቀመጫና የጭን ጡንቻዎች እንደ ድንኳን ገመድ ከየአቅጣጫው ይይዟቸዋል። ወገቡን የታመመ ሰው መንቀሳቀስ ይፈራል። ሳይንቀሳቀስ ሲሰነብት ጡንቻው ይገታተራል፣ ይደክማል፤ የደከመ ጡንቻም ቶሎ ስለሚዝል ሕመሙ ይብሳል። በመሆኑም ቀድሞ ይባል እንደነበረው ለብዙ ቀናት መተኛት አይመከርም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው መመሪያም ለቆየ የወገብ ሕመም የአካል እንቅስቃሴን ይመክራል።

በቤት ውስጥ ምንጣፍ አንጥፋችሁ የሚከተሉትን ሞክሩ፦

1. በጀርባ ተኝቶ አንዱን ጉልበት በሁለት እጅ ወደ ደረት መሳብ።

2. እንደተኙ አንዱን እግር ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ማንሣትና ከጭን በስተኋላ በነጠላ ወይም በፎጣ ይዞ ቀስ ብሎ መሳብ።

3. ሁለቱን ጉልበቶች አጥፎ፣ እግርን መሬት አስረግጦ መቀመጫን ማንሣት፤ 5 ሰኮንድ ቆይቶ ማውረድ፤ ይህንንም 10 ጊዜ መደጋገም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በየእግሩ ከ20 እስከ 30 ሰኮንድ ይዛችሁ ሦስት ጊዜ ሥሩ። ትንፋሻችሁን አትያዙ፤ አትዝለሉ፤ በኃይልም አትሳቡ። መጠነኛ የመሳሳብ ስሜት ያለ ነው፤ ወደ እግር የሚወርድ ሕመም ከተሰማችሁ ግን አቁሙ። ማሳሳብ የተገታተረውን ያፍታታል እንጂ ብቻውን ብርታት አይሰጥም። ሦስተኛው እንቅስቃሴና የእግር ጉዞ የተጨመሩት ለዚሁ ነው። ነፍሰ ጡር እናቶች ከአምስተኛው ወር በኋላ በጀርባ ተኝተው ባይቆዩ ስለሚመረጥ አስቀድመው ነርሷን ያማክሩ።

ባሎችም አስቡበት። ውኃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሸክሙን መካፈል ራሱ ሕክምና ነው።

አንዳንድ እናቶች «ወገቤን ያመመኝ በመከላከያው ነው» በማለት ሳያማክሩ ያቋርጣሉ። ይህ ላልታቀደ እርግዝና ስለሚዳርግ መጀመሪያ ወደ እኛ ኑ። ሕመሙ ከታችኛው ሆድ ሕመም፣ ከትኩሳት ወይም ከማህፀን ፈሳሽ ጋር ከሆነ አትዘግዩ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ በብልት አካባቢ መደንዘዝ ካለ ወይም እግር እየከዳ ከሄደ በዚያው ዕለት ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። የማያቋርጥ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክሳት ካለም የአከርካሪ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል መመርመር ይገባል።

እንግዲህ ማታ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ 10 ደቂቃ አብራችሁ ሞክሩት። አንዱ ሲሰንፍ ሌላው ያበረታታዋል።