ገንዘቡ ከመላኩ በፊት ዝርዝሩ ይቅደም
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት ክብረ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ማኅበራችን በእነዚህ ዓመታት ሐዘንተኛ አጽናንቷል፤ አዲስ መጤ ተቀብሏል፤ ልጆቻችንን ፊደል አስቆጥሯል። አሁን ደግሞ በአገር ቤት ባለ ሁለት ክፍል ትምህርት ቤት ለማሠራት ተነሥተናል። ገንዘቡ የተጠራቀመው ሌሊት ታክሲ ነድተን፣ ሆስፒታል አጽድተን፣ የሰው ልጅ አሳድገን ካገኘነው ላይ ተቀንሶ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናነሣው የሲሚንቶና የምስማር ጉዳይ ቢመስልም የላባችን ጉዳይ ነው።

አንዳንዶቻችን «ዋጋው ሳይንር ገንዘቡ ባንድ ጊዜ ተልኮ ዕቃው ሁሉ ይገዛ» እንላለን። ሌሎቻችን «ይቆይ» እንላለን። ሁለቱም ወገን እውነት አለው፤ ነገር ግን ዕቃ ሁሉ አንድ ጠባይ የለውም። ድንጋይ፣ አሸዋና ጠጠር አይበላሹም፤ ቀድመው ቢገዙ ጉዳት የለውም። ሲሚንቶ ግን እርጥበት ይስባል፤ ሦስት ወር ካለፈው ጥንካሬው እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ በየሥራው ደረጃ ይገዛ፤ ከመሬት ከፍ ብሎ በጣውላ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይከመር፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። ፌሮና ቆርቆሮ ደግሞ ጥሬ ዕቃቸው በአብዛኛው ከውጭ ስለሚመጣ ዋጋቸው ዶላርን ይከተላል። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህን ሁላችንም አይተናል። እንግዲህ የድንጋዩና የአሸዋው ሂሳብ ይቅደም፤ የፌሮውና የቆርቆሮው እስከሚገዛበት ቀን ድረስ እዚሁ በዶላር ይቀመጥ።

ከመካከላችን ዩኒቨርሲቲ ገብተን ሳንጨርስ የወጣን አለን፤ ዲግሪው ቢቀር ስሌቱ አልቀረም። እያንዳንዱ ክፍል 8 በ7 ሜትር ሆኖ ሁለቱ ጎን ለጎን ቢሠሩ፣ የግድግዳው ርዝመት መካከለኛውን ጨምሮ 53 ሜትር ነው። በ3 ሜትር ቁመት 159 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ለበርና ለመስኮት 24 ቢቀነስ 135 ይቀራል። ባለ 40 በ20 ሳንቲሜትር ብሎኬት በካሬ ሜትር 12 ተኩል ያህል ይፈልጋል። ለስብራት 5 በመቶ ስንጨምር ከ1,770 ስለሚያልፍ 1,800 ይታዘዛል። ወለሉ 112 ካሬ ሜትር ነው፤ በ10 ሳንቲሜትር ውፍረት ለአንድ ሜትር ኩብ 3 ኩንታል ተኩል ቢገባ ወደ 40 ኩንታል ሲሚንቶ ይፈጃል። መሠረቱ፣ ምሰሶውና ልስኑም እንዲሁ አንድ በአንድ ይሰላሉ። ይህ ዝርዝር በእጃችን ሳይኖር «ስንት ብር ይበቃል?» ማለት አድራሻ ሳይነግሩን «ውሰዱኝ» እንደሚሉን ተሳፋሪዎች መሆን ነው።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ዕቃ ውሃ ነው። ለወለሉ ማቡኪያ ብቻ እስከ 2,000 ሊትር፣ ማለትም 10 በርሜል ያስፈልጋል፤ ከዚያም ኮንክሪቱ ቢያንስ 7 ቀን እየተጠጣ መቆየት አለበት። በክረምት ውሃ ሞልቶ መንገድ ይጠፋል፤ በበጋ መንገድ ደርቆ ውሃ ይርቃል። ስለሆነም የመሠረቱና የወለሉ ኮንክሪት ወንዙ ሳይጎድል በጥቅምትና በኅዳር ቢያልቅ፣ ጣራውም ከሰኔ በፊት ቢለብስ ይሻላል። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይሏል ይህ ነው።

የመኪና ወጪ ምን እንደሆነ ለእኛ ለታክሲ ነጂዎች መንገር አያስፈልግም፤ ባዶ መመላለስ ነዳጅ ማቃጠል ነው። አንድ ኪሎ ምስማር ወይም አንድ ጥቅል ሽቦ ተረስቶ አይሱዙ እንደገና ከተማ ከወረደ፣ የምስማሩ ዋጋ ስንት እጥፍ እንደሚሆን አስሉት። ጥቃቅኑ ዕቃ ከትልቁ ጋር ባንድ ጭነት ይሂድ።

ስለ ቁጥጥሩም ሐሳብ አለን። ከሦስት ነጋዴዎች ፕሮፎርማ ይምጣ። ከአካባቢው ሰው ሦስት ተመርጠው ዕቃውን ይረከቡ፤ በደረሰኙ ላይ ቢያንስ ሁለቱ ይፈርሙ። ፌሮው ይመዘን፤ ባለ 12 ሚሊ ፌሮ በ12 ሜትር ርዝመቱ ከ10 ኪሎ ተኩል በላይ ይመዝናል፤ በጣም ከጎደለ ቀጭን ነው ማለት ነው። አሸዋው በጠርሙስ ውሃ ተበጥብጦ ይቆይ፤ ከላይ ወፍራም ጭቃ ካረፈ ይታጠብ ወይም ይመለስ። የመጀመሪያው ዕቃ በቁጥር መድረሱ ሳይታወቅ ሁለተኛው ክፍያ አይላክ። ይህ ሰው አለማመን አይደለም፤ በታማኝነት የሚሠራውን ሰው ከሐሜት መጠበቅ ነው።

ስለዚህ የዛሬው ስብሰባ ሦስት ነገር እንዲወስን እንጠይቃለን፤ ዝርዝሩ በመሐንዲስ ታይቶ እንዲጸድቅ፣ ገንዘቡ በየደረጃው እንዲላክ፣ የርክክብ ወረቀቱም በየስብሰባው እንዲነበብልን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የፈሰሰ ሲሚንቶ ግን አይለቀምም።

እግዚአብሔር ማኅበራችንን ይጠብቅልን።